ወርቁ አንገቷ ላይ፣ እንጀራዋ ሌላ ሜዳ፦ የማኬንዚ ደርን ጉዞ

ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. አቡ ዳቢ ላይ ዩኤፍሲ 321 ተካሄደ፤ ዩኤፍሲ ጡጫ፣ እርግጫና ትግል የሚፈቀድበት የኤምኤምኤ (ቅይጥ ፍልሚያ) ትልቁ ድርጅት ነው። በማግስቱ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አንድ ጣት ነበር። የከባድ ሚዛኑ ሻምፒዮን ቶም አስፒናል ከሲሪል ጋን ጋር ሲፋለም ዓይኑን ተወጋ። መቀጠል አልቻለም፤ ግጥሚያው ያለ ውጤት ቀረ። ማኅበራዊ ሚዲያው በዚህ ተጠምዶ ሰነበተ። ከነሱ ቀድመው የተፋለሙትን ሁለት ሴቶች ያነሳቸው ጥቂት ሰው ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የምሽቱ ትልቅ ታሪክ እዚያ ነበር። ማኬንዚ ደርን ቪርና ጃንዲሮባን በ5 ዙር፣ በዳኞች ሙሉ ድምፅ አሸንፋ የዩኤፍሲን የሴቶች 52 ኪሎ ቀበቶ ወሰደች። 32 ዓመቷ ነበር።

ጁጂትሱ ለሚከታተል ሰው ደርን አዲስ ፊት አይደለችም። በዚያ ስፖርት የዓለም አንደኛ ከሆነች 10 ዓመት አልፏታል። ታዲያ እዚህ ጋ ሁለት ጥያቄ አለ። በያዘችው ስፖርት ቁንጮ ላይ የደረሰች ሴት ለምን ሌላ ስፖርት ከዜሮ ልትጀምር ሄደች? ከሄደችስ በኋላ ቀበቶ ለመያዝ ለምን ይሄን ያህል ዘመን ፈጀባት? የኔ መልስ አጭር ነው። ጁጂትሱ አሳደጋት እንጂ አላበላትም። የሚያበላው ስፖርት ደግሞ ጁጂትሱዋን በግማሽ ዋጋ ነው የተቀበላት።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ስፖርቱን ለማያውቅ ትንሽ ላብራራ። የብራዚል ጁጂትሱ ጡጫ የለውም፣ እርግጫም የለውም። ተያይዞ፣ ተጣጥሎ፣ መሬት ላይ እየተገለባበጡ የሚታገሉት ትግል ነው። ከጃፓን ጁዶ ተነስቶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብራዚል ገባ፤ የግሬሲ ቤተሰብ አሳድጎ ለዓለም አስተዋወቀው። ግቡ ተጋጣሚን እጅ ማሰጠት ነው። ወይ አንገት ይታነቃል፣ ወይ ክንድ ወይም ጉልበት ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ይለጠጣል። የተያዘው ሰው በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ያበቃል። ወዲያው ይለቁታል።

እጅ የሚሰጥ ከሌለ ነጥብ ይቆጠራል። ተጋጣሚን መጣል 2 ነጥብ አለው። ከታች ሆኖ ላይ ያለውን መገልበጥ 2። የእግሮቹን አጥር ተሻግሮ ወደ ጎኑ ማለፍ 3። ደረቱ ላይ መቀመጥ ወይም ጀርባውን መያዝ 4። ለአዋቂ ጥቁር ቀበቶዎች (ከፍተኛውን ማዕረግ ለያዙት) አንድ ግጥሚያ 10 ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል። በጁጂትሱ በጀርባ መተኛት ሽንፈት አይደለም። ጋርድ ይሉታል። ከታች ያለችው ሴት በእግሮቿ ተጋጣሚዋን አስራ፣ እጇን ጎትታ፣ አንቃ ልታሸንፍ ትችላለች። ብዙ ሻምፒዮኖች ሆን ብለው ነው የሚተኙት። ደርንም ከነሱ አንዷ ነበረች።

የተወለደችው በመጋቢት 1993 ፊኒክስ፣ አሪዞና ውስጥ ነው። ከ8 ወር በኋላ እዚያው አሜሪካ፣ ዴንቨር ላይ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ ተካሄደና ሮይስ ግሬሲ የሚባል ቀጭን ብራዚላዊ ከሱ የገዘፉትን ሰዎች አንድ በአንድ እጅ አሰጣቸው። ዓለም ጁጂትሱን ያወቀው ያኔ ነው። እነ ደርን ቤት ግን ከዚያም በፊት የቤት ሥራ ነበር። አባቷ ዌሊንግተን ዲያስ፣ በቅጽል ስሙ ሜጋቶን፣ ጥቁር ቀበቶ ነው። የዓለም ሻምፒዮና በ1996 ሲጀመር ተወዳደረ፤ ከዚያም ዕድሜው ገፍቶ እንኳ በየዓመቱ ከወጣቶቹ ጋር መሰለፉን አልተወም። የእንጀራ እናቷ ሉሲያና ታቫረስም ጥቁር ቀበቶ ናት። ልጅቱ 3 ዓመቷ ላይ ምንጣፉ ላይ ወጣች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ደርን ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ሆኖ እንግሊዝኛዋ የፖርቱጋልኛ ቅላፄ አለው። በዚህ ስንት ተቀልዶባታል። «ፊኒክስ ተወልዳ እንዴት እንዲህ ታወራለች፣ አስመሳይ ናት» የሚላት መዓት ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ልጅ የሚያሳድግ አንባቢ ግን ብዙም አይገርመው። ቤት ውስጥ የሚነገረው፣ ጂም ውስጥ የሚነገረው፣ ዘመድ ሁሉ የሚያወራው ሌላ ቋንቋ ከሆነ ልጅ ያንን ይዞ ያድጋል።

ጥቁር ቀበቶዋን ከአባቷ እጅ ያሰረችው በታኅሣሥ 2012፣ በ19 ዓመቷ ነው። ይህን ቀን ልብ በሉት። ዩኤፍሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን ያፋለመው ከ2 ወር በኋላ፣ በየካቲት 2013፣ ሮንዳ ራውዚ ከሊዝ ካርሙሽ ጋር ስትገጥም ነበር። ለደርን ቁመና የሚሆነው የ52 ኪሎ ክፍል የመጀመሪያውን ሻምፒዮን ያገኘው በ2014 መጨረሻ ነው። ማለትም ጥቁር ቀበቶ ስታስር፣ በኋላ ሻምፒዮን የሆነችበት በር ገና አልተከፈተም።

ከሷ በፊት ለነበሩት ሴቶች ደግሞ በር ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበረባቸው። ብራዚል በ1941 ባወጣችው አዋጅ ሴቶች «ከተፈጥሯቸው ጋር የማይስማማ» ስፖርት እንዳይሠሩ ከለከለች። በ1965 ደግሞ የትኞቹ እንደሆኑ በዝርዝር ተጻፈ፦ ማንኛውም ዓይነት ፍልሚያ፣ እግር ኳስ፣ ክብደት ማንሳት፣ ራግቢ። ክልከላው የተነሳው በ1979 ነው። ስለዚህ የግሬሲ ወንዶች አገር ምድሩን ሲያሸንፉ ሴቶቹ የት ነበሩ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ መልሱ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያዋ ሴት ጥቁር ቀበቶ ኢቮኒ ዱዋርቴ ቀበቶዋን ያሰረችው በ1990 ነው። የዓለም ሻምፒዮና በ1996 ሲጀመር የወንዶች ብቻ ነበር፤ ሴቶች የገቡት በ1998 ነው። ከግሬሲ ቤተሰብ የወጣችው ኪራ ግሬሲ በ2005፣ በ2007 እና በ2011 የኤዲሲሲ ሻምፒዮን ስትሆን፣ በዘመዶቿ ስም በሚጠራ ስፖርት ውስጥ እሷም አዲስ መንገድ እየጠረገች ነበር።

ኤዲሲሲ ምንድን ነው ለምትሉ፣ በ1998 አቡ ዳቢ ውስጥ በሼክ ታህኑን ቢን ዛይድ የተጀመረ ውድድር ነው። በጁጂትሱ የተለመደው ወፍራም ጃኬት እዚህ አይለበስም። የሚገባበት በማጣሪያ ወይም በጥሪ ነው፤ የሚካሄደውም በ2 ዓመት አንዴ ነው። ከዓለም ሻምፒዮናው ጎን ለጎን የስፖርቱ ትልቁ ክብር እሱ ነው። ሼኩ ለጁጂትሱ ያላቸው ፍቅር እዚያ ብቻ አላበቃም፤ ስፖርቱ በኤምሬትስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሳይቀር ይሰጣል። አቡ ዳቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ነጭ ጃኬት ለብሰው ቦርሳ ያዘሉ ሕፃናት ሳታዩ አትቀሩም።

አሁን 2015 ላይ እንምጣ። ይህ ዓመት የደርን ዓመት ነው። በሚያዝያ አቡ ዳቢ ላይ፣ የክብደት ገደብ በሌለው ውድድር ጋቢ ጋርሲያን ገጠመች። ጋርሲያ ማለት 1 ሜትር ከ80 በላይ ቁመት ያላት፣ በጡንቻ የተገነባች፣ በዘመኑ ሴት ሁሉ የሚፈራት ብራዚላዊት ናት። ደርን 1 ሜትር ከ63 ገደማ ናት። ጎን ለጎን የቆሙበትን ፎቶ ያየ ሰው እናትና ልጅ ይመስሉታል። ትንሿ አሸነፈች። ቪዲዮው ስፖርቱን ጨርሶ በማያውቁ ሰዎች ስልክ ላይ ሁሉ ዞረ። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮናውን በክብደቷ ወሰደች። ከዚያም ሳኦ ፓውሎ ላይ የኤዲሲሲን ከ60 ኪሎ በታች ወርቅ ጨመረች። ከዚህ በላይ የሚወጣበት ደረጃ የለም። ጨረሰች።

ስንት ብር አገኘች? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያን ዘመን የኤዲሲሲ ሻምፒዮን ወንድ ከሆነ በክብደቱ 10,000 ዶላር ይሸለማል። ሴት ከሆነች 6,000 ዶላር። በ2 ዓመት አንዴ ነው ይሄ። ወንዶቹ 5 የክብደት ክፍል አላቸው፤ ሴቶቹ 2 ብቻ፤ ወይ ከ60 ኪሎ በታች ወይ ከ60 በላይ። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 60 ኪሎ ከምትመዝነው ጋር ትገጥማለች፤ ምርጫ የላትም። በዓለም ሻምፒዮናው በኩል ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሽልማቱ ሜዳሊያና ጭብጨባ ነበር። እንዲያውም የመመዝገቢያ የምትከፍለው ተወዳዳሪዋ ናት። አውሮፕላኑ፣ ሆቴሉ፣ ከተጎዳች ሕክምናው፣ ሁሉም ከኪሷ ነው።

እንዴት ይኖራሉ ታዲያ? ሻምፒዮኖቹ በየአገሩ እየዞሩ የቅዳሜና እሁድ ስልጠና ይሰጣሉ። ጂም ከፍተው ያስተምራሉ። የልብስ አምራቾች ስፖንሰር ያደርጓቸዋል። የትምህርት ቪዲዮ ይሸጣሉ። ይሄ መጥፎ ኑሮ ነው ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ቤት የሠራ አለ። ግን ልብ በሉ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከማሸነፍ ሳይሆን ከማስተማር ነው። ማሸነፉ ማስታወቂያ ነው። ጂሙን የሚሞሉት ተማሪዎች ደግሞ በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ አንድ ስም ያለው ወንድ ሻምፒዮንና አንዲት ስም ያላት ሴት ሻምፒዮን ስልጠና ቢጠሩ የማን አዳራሽ ቀድሞ እንደሚሞላ መገመት አያቅትም።

ለኛ ይህን ማስረዳት ብዙ አያደክምም። የትራክ ሯጮቻችን ለምን ወደ ማራቶን እንደሚወጡ ሁሉም ያውቃል፤ ገንዘቡ ጎዳና ላይ ነው። ልዩነቱ ግን ሩጫ የትም ቢሆን ሩጫ ነው። ደርን የሄደችበት ሜዳ ላይ ሰው ይመታል።

የመጀመሪያ ኤምኤምኤ ግጥሚያዋን ያደረገችው በ2016 ክረምት ነው። 5 አሸነፈችና በመጋቢት 2018 ዩኤፍሲ ገባች። የመጀመሪያዋን አሽሊ ዮደርን ያሸነፈችው ዳኞች ተከፋፍለው፣ ለጥቂት ነው። ሁለተኛው ግጥሚያ ሪዮ ላይ ነበር፤ አማንዳ ኩፐርን በመጀመሪያው ዙር አንቃ ጨረሰቻት። ሆኖም ከዚያ ምሽት ሰው የሚያስታውሰው ሚዛኑን ነው። የተፈቀደው 116 ፓውንድ፣ የመዘነችው 123። ከ3 ኪሎ በላይ ማለት ነው። በዚህ ክብደት ክፍል 3 ኪሎ ቀልድ አይደለም። ከዚያ በፊትም በትናንሽ ድርጅቶች ክብደት አልሞላ ብሏት ያውቃል። እዚህ ላይ ለደርን ጥብቅና አልቆምም። ተጋጣሚዋ ርቧት፣ ደርቃ፣ ላቧን አንጠፍጥፋ ሚዛን ላይ ከወጣች፣ ያንቺም ግዴታ ያው ነው። ብዙ ሰው «ተሰጥኦ አላት፣ ዲሲፕሊን የላትም» ብሎ የደመደመው ያኔ ነው። ሐሜቱ ለዓመታት ተከትሏታል።

በሰኔ 2019 ሴት ልጅ ወለደች። በጥቅምት፣ ከ4 ወር በኋላ፣ ታምፓ ላይ ከአማንዳ ሪባስ ጋር ወደ ሜዳው ተመለሰች። ከወለዱ በ4 ወር! የመጀመሪያ ሽንፈቷ እሱ ሆነ። ሪባስ በጁዶም ጥቁር ቀበቶ ናት፤ ለመውደቅ እሺ አላለችም። ቆማ መታቻት፤ ደርን መሬት ላይ ልትወስዳት ስትሞክር እየተከላከለች አመለጠች።

ይህ ግጥሚያ የደርንን ችግር በሙሉ ያሳያል። ኤምኤምኤ ውስጥ እያንዳንዱ ዙር የሚጀምረው በመቆም ነው። 5 ደቂቃ አለሽ። ሴትየዋን መሬት ላይ ካላወረድሻት የ20 ዓመት ጁጂትሱሽ ኪስሽ ውስጥ የቀረ ገንዘብ ነው። ደርን ደግሞ መጣል አይሆንላትም ነበር። ለምን? ምክንያቱም ያደገችበት ስፖርት አላስገደዳትም። በጁጂትሱ ተጋጣሚሽን መጣል ካቃተሽ ቁጭ ብለሽ ጋርድ ትይዣለሽ፤ ግጥሚያው ወዳንቺ ይመጣል። ኤምኤምኤ ላይ ቁጭ ብትዪ ተጋጣሚሽ ፈገግ ብላ ወደኋላ ትሄዳለች፤ ዳኛው «ተነሺ» ይልሻል።

ቀድሜ ያዙልኝ ያልኩት ጋርድም እዚህ ዋጋው ይወርዳል። በጀርባሽ ተኝተሽ እጇን ስታድኚ፣ እሷ ከላይ በክርን ትመታሻለች። ጃኬት የለም፤ የሚያዝ እጅጌና ኮሌታ የለም። ላብና ደም ቆዳውን ያሙለጨልጨዋል። ዳኞችም መጀመሪያ የሚያዩት ማን ማንን ጎዳ የሚለውን ነው። ልታንቂ ሞክረሽ ያልተሳካልሽ ሙከራ ዓይን ላይ ካረፈ አንድ ቡጢ ያነሰ ነው የሚመዘነው። በ2021 ከማሪና ሮድሪጌዝ ጋር የሆነውን ተመልከቱ። በሁለተኛው ዙር ደርን መሬት ላይ አግኝታት እንደፈለገች አደረገቻት። ከቀሩት ዙሮች አብዛኛዎቹን ግን ሮድሪጌዝ ቆማ ወሰደች። ዳኞቹ ለሮድሪጌዝ ፈረዱ፤ ትክክልም ነበሩ።

ግን መሬት ላይ ስታገኛቸው ደግሞ ጉድ ነው። በግንቦት 2020 ሐና ሳይፈርስን የረታችበትን እንይ። የተጋጣሚዋን አንድ እግር በሁለት እጇ አቅፋ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ዳሌዋን ከጉልበቱ ፊት አስደገፈች። ከዚያ ወገቧን ወደፊት ገፋች። ጉልበት ወደኋላ እንጂ ወደፊት አይታጠፍም፤ ሳይፈርስ መታ መታ ከማድረግ ሌላ አማራጭ አልነበራትም። 3 ደቂቃ አልሞላም። በዩኤፍሲ ታሪክ ሴት ሴትን በእግር ቁልፍ እጅ ስታሰጥ የመጀመሪያው ነው። ለዚያ ምሽት የብቃት ጉርሻ 50,000 ዶላር ተሰጣት፤ ከመደበኛ ክፍያዋ ውጪ። የኤዲሲሲ ወርቋ 6,000 ነበር። አንድ የጉልበት ቁልፍ፣ ያውም ከጁጂትሱ የተማረችው፣ ከጁጂትሱ ትልቁ ሽልማት 8 እጥፍ በላይ ከፈላት። ለምን ሄደች ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ወጣ ገባ ነው። ጃንዲሮባን በ2020 መጨረሻ አፍንጫዋ ተሰብሮ አሸነፈች። ኒና ኑኔዝን በክንድ ቁልፍ ጨረሰች። ከዚያ ሮድሪጌዝ፣ ከዚያ ቻይናዊቷ ያን ሻዎናን አሸነፏት። በ2023 መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ጄሲካ አንድራዴ ደጋግማ ጣለቻትና ግጥሚያው በሁለተኛው ዙር ቆመ። በ2024 መጀመሪያ አማንዳ ሌሞስ ደገመቻት። ሁለት ተከታታይ ሽንፈት፣ 30 ያለፈ ዕድሜ። «አበቃላት» የሚለው ዜማ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

የሆነው ግን ሌላ ነው። በነሐሴ 2024 አቡ ዳቢ ላይ ሉፒ ጎዲኔዝን አሸነፈች። በ2 ሳምንት ገደማ ላስ ቬጋስ ሄዳ ከዌልሷ የጁጂትሱ ኮከብ ፊዮን ዴቪስ ጋር ገጠመች፤ ያለ ጡጫ፣ በድሮው ስፖርቷ። በነጥብ ተሸነፈች። እኔ ግን ይህን ሽንፈት ከብዙ ድሎቿ አስበልጬ ነው የማየው። የዩኤፍሲ ተፋላሚ ሆና፣ ቀኑን ሙሉ እሱኑ ብቻ ከምትሠራ ሴት ጋር ልትታገል መግባቷ ስሟን ለአደጋ ማጋለጥ ነበር። አላስጨነቃትም።

በጥር 2025 ሪባስ እንደገና መጣች። ከ5 ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ሽንፈት ያቀመሰቻት ሪባስ። በዚህኛው ደርን ትቆማለች፣ ትመታለች፣ ትይዛለች፣ ታወርዳለች። የመጨረሻው፣ ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት የሪባስን ክንድ አገኘች። ሁለት እግሯን የሪባስ ደረት ላይ ጫነች፣ የሪባስን የእጅ አንጓ ይዛ ክርኗን በራሷ ዳሌ ላይ ለጠጠችው። ሪባስ እጅ ሰጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ደወሉን ይጠብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት ሻምፒዮኗ ዣንግ ዌይሊ ከፍ ወዳለው ክብደት ልትሄድ ቀበቶዋን አስረከበች። ባዶው ቀበቶ ለደርንና ለጃንዲሮባ ቀረበ። ጃንዲሮባም የባሂያ ልጅ፣ የጁጂትሱ ጥቁር ቀበቶ ናት። ሁለት ጥቁር ቀበቶዎች 25 ደቂቃ ተፋልመው ማናቸውም ሌላዋን እጅ ማሰጠት አልቻሉም። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጉድለት አየው፤ አሰልቺ ነበር ያለም አለ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ደርን ያን ቀበቶ የወሰደችው ጁጂትሱዋ ሳይሠራላት ነው። በጡጫ፣ በትንፋሽ፣ በመቆም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአሠልጣኝ ጄሰን ፓሪሎ ጋር ስትቦክስ የኖረችበት ጊዜ ያፈራው ድል ነው። ሪኮርዷ 16 ድል፣ 5 ሽንፈት ሆነ። አምስቱም ሽንፈቶች ስፖርቱን ከቀየረች በኋላ የተከፈሉ የትምህርት ቤት ክፍያዎች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ይህን መንገድ የሄደችው እሷ ብቻ አይደለችም። 8 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ሚሼል ኒኮሊኒ ዋን ሻምፒዮንሺፕ ወደሚባለው የእስያ የኤምኤምኤ ድርጅት ሄዳ በ2019 አንጄላ ሊን አሸንፋለች። ራሷ ጋቢ ጋርሲያ ጃፓን ሄዳ ተፋልማለች። ይበልጥ የሚገርመኝ ቢያ መስኪታ ናት። በሜዳሊያ ብዛት ከደርን ትበልጣለች፤ በዓለም ሻምፒዮናውም በኤዲሲሲም ያላሸነፈችው የለም። ኤምኤምኤ የጀመረችው 30 ዓመት ካለፋት በኋላ፣ በ2024 ነው። በጥቅምት 2025፣ ደርን ቀበቶ ከመውሰዷ 2 ሳምንት በፊት፣ በተወለደችበት ሪዮ ዩኤፍሲ ገብታ ተጋጣሚዋን እጅ አሰጠች። 34 ዓመቷ ነበር። በስፖርቷ የሚሸነፍ ሁሉ ተሸንፎ ካለቀ በኋላ፣ በ34 ዓመት ጡጫ ለመቅመስ መውጣት የጀብዱ ፍላጎት ብቻ አይመስለኝም።

የቀሩም አሉ። ጋብሪዬሊ ፔሳኛ በሪዮ ሲዳዴ ጂ ዴውስ ሰፈር፣ በበጎ አድራጎት ፕሮጀክት ነው ጁጂትሱ የጀመረችው። በክብደቷም ያለ ክብደት ገደብም የዓለም ሻምፒዮናውን በተከታታይ ስትጠቀልል ኖራለች። ከሰፈሯ ውጪና ከስፖርቱ ውጪ ስሟን የሚያውቅ ስንት ሰው ነው? የደርን የኢንስታግራም ተከታዮች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ችሎታ ብቻ ቢሆን ነገሩ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ገንዘቡስ ተሻሻለ? በመጠኑ። በ2024 አውስትራሊያዊው ክሬግ ጆንስ ኤዲሲሲ በሚካሄድበት ሳምንት፣ በዚያው ላስ ቬጋስ፣ ሲጄአይ የሚባል ተቀናቃኝ ውድድር አቋቋመ። ለሁለት የወንዶች ክፍል አሸናፊዎች ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር አዘጋጀ። ለተሳትፎ ብቻ ደግሞ ለእያንዳንዱ 10,001 ዶላር ከፈለ። አንዷ ዶላር ለነገር ናት፤ ኤዲሲሲ ለሻምፒዮኑ ከሚሰጠው በ1 ዶላር እንድትበልጥ። ሳቅን። ሴቶቹ ግን በዚያ ሳቅ ውስጥ አልነበሩም። የሴቶች ውድድር አልተዘጋጀም፤ የደርንና የዴቪስ ግጥሚያ ለብቻው የቀረበ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ጋቢ ጋርሲያን ከራሱ ከጆንስ ጋር ያታገለ ትርዒት ነው። ኤዲሲሲ በበኩሉ በዚያው ዓመት የሴቶቹን የክብደት ክፍል ከ2 ወደ 3 አሳደገ፤ አውስትራሊያዊቷ አዴል ፎርናሪኖም ከ55 ኪሎ በታችና ያለ ክብደት ገደብ ሁለት ወርቅ ወሰደች።

ሲጄአይ በ2025 ክረምት ሲመለስ ሴቶች ገቡ። ለአሸናፊዋ 100,000 ዶላር። ያኔ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረችው አሜሪካዊት ሄለና ክሬቫር ወሰደችው። ለወንዶቹ በቡድን የቀረበው 1 ሚሊዮን ነው፤ ለ5 ተከፍሎ በነፍስ ወከፍ 200,000። በአሸናፊ ደረጃ ካየነው ልዩነቱ ግማሽ ነው፤ ከድሮው አንፃር ትልቅ ለውጥ። ግን የተሳታፊውን ቁጥር እዩ። 8 የወንዶች ቡድን፣ በየቡድኑ 5 ሰው፣ ማለትም 40 ወንድ ነው ምንጣፉ ላይ የወጣው። ሴቶቹ 4 ነበሩ። ለአምስተኛዋ ምርጥ ሴት የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም፤ የዩኤፍሲ ሥራ አስኪያጆች ስልክ የሚደውሉት ደግሞ ለእሷ ነው።